ከእፅዋት የሚሠራ የማተሚያ ቀለም፤ ተስፋውና ወሰኑ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




በአማርኛ «ቀለም» የሚለው አንድ ቃል ብዙ ነገር ይጠራበታል። ዓይን የሚያየው ቀይና ቢጫ ቀለም ነው፤ ጸሐፊው መቃውን የሚነክርበትም ቀለም ነው፤ ተማሪው በቃሉ የሚያጠናው ትምህርትም ቀለም ይባላል፤ በትምህርቱ የላቀውም ሰው «የቀለም ቀንድ» ተብሎ ይመሰገናል። ለባለቅኔ ይህ ሁሉ ሀብት ነው። ለመሐንዲስ ግን በዓይን የሚታየው ቀለምና በማተሚያ መኪና ውስጥ የሚፈሰው ቀለም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የሁለተኛው አንድ ክፍል ብቻ ነውና። «ከእፅዋት የተሠራ»፣ «ለአካባቢ ተስማሚ የሆነ» እየተባለ ስለሚሸጠው የማተሚያ ቀለም የሚነሣው ክርክር አብዛኛው የሚመነጨው እነዚህን ሁለቱን ካለመለየት ነው።

የማተሚያ ቀለም በመሠረቱ አራት ክፍሎች አሉት። አንደኛው መልኩን የሚሰጠው ቀለም ሰጪ ነው። ሁለተኛው ቀለም ሰጪውን ከመያዣው እስከ ወረቀቱ የሚያደርሰው ተሸካሚ ፈሳሽ ሲሆን፣ እንደ ማተሚያው ዓይነት ዘይት ወይም ውሃ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ቀለም ሰጪውን ከወረቀቱ ጋር የሚያያይዘው ሙጫ ነው። አራተኛው የረዳት ንጥረ ነገሮች ስብስብ ነው፤ ቀለሙ እንዳይሻግት፣ በመያዣው ውስጥ እንዳይደርቅ፣ እንዳይዘቅጥና በወረቀቱ ላይ እንደሚገባው እንዲያርፍ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። እንግዲህ አንድ ቀለም ከእፅዋት የተሠራ ነው ሲባል መጠየቅ ያለበት፣ የትኛው ክፍሉ? ምን ያህሉ? ደግሞስ ለምን ዓይነት ኅትመት? የሚለው ነው።

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። የጋዜጣ ቀለም ለብዙ ጊዜ የተሠራው ከነዳጅ በሚገኝ የማዕድን ዘይት ነው። ይህ ዘይት በተለመደው የጋዜጣ ማተሚያ እንደ ግድግዳ ቀለም ደርቆ አይጠነክርም፤ ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ይቀራል። ጋዜጣ ያነበበ ሰው በጣቱ ላይ ጥቁረት የሚያየው ስለዚህ ነው። ቆሎና ኦቾሎኒ በአሮጌ ጋዜጣ እየተጠቀለለ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ፣ ዘይቱ ከወረቀቱ ወደ ምግቡ ሊሸጋገር ይችላል። ጋዜጣው ተፈጭቶ እንደገና ካርቶን ቢሆንም ዘይቱ አብሮ ይጓዛል። በሙቀት በሚያደርቁት ትልልቅ ማተሚያዎች ደግሞ ዘይቱ በከፊል ወደ ተን ተለውጦ ወደ አየር ይወጣል። በመሆኑም ጉዳዩ የሚነካው የማተሚያ ቤቱን ሠራተኛ፣ አንባቢውንና ጋዜጣ አንብቦ የማያውቀውን ቆሎ በሊታ ጭምር ነው።

ተሸካሚውን ፈሳሽ ብቻ ከወሰድን፣ የእፅዋት ዘይት አዲስ ግኝት አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት ጉተንበርግ በማይንዝ ከተማ መጽሐፍ ሲያትም የቀለሙ መሠረት የተልባ ዘይት ነበር። የተልባ ዘይት በአየር ውስጥ ያለውን ኦክሲጂን እየሳበ ስለሚጠነክር ፈሳሽም ሙጫም ሆኖ ያገለግላል። የማዕድን ዘይት በ20ኛው መቶ ዓመት ስፍራውን የወሰደው በዋናነት ርካሽ በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1979 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ግን የአሜሪካ ጋዜጣ አሳታሚዎች ሌላ ምንጭ ፍለጋ ወጡ። ከፍለጋውም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1987 በአዮዋ ግዛት በሴዳር ራፒድስ ከተማ የሚታተመው «ጋዜት» የተባለው ጋዜጣ ከአኩሪ አተር ዘይት በተሠራ ቀለም ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለራሱ የሊቶግራፍ ኅትመት የሚያገለግል ቀለም ቢያንስ ምን ያህል የእፅዋት ዘይት ሊኖረው እንደሚገባ በሕግ ወሰነ፤ ይኸውም ለጋዜጣ ቀለም 40 በመቶ፣ በነጠላ ወረቀት ለሚታተምና ለቅጻቅጽ 20 በመቶ፣ በሙቀት ለሚደርቅ 10 በመቶ ነው። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ በማሸጊያዎችና ለሕዝብ በሚሠራጩ ኅትመቶች ላይ የማዕድን ዘይትን በደረጃ ለማስቀረት ተነሥታለች።

እነዚህ እርምጃዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን የተጠቀሱት አኃዞች የሚናገሩት ስለ ዘይቱ ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በዘይቱ ውስጥ የተበተኑት የቀይ፣ የሰማያዊና የቢጫ ደቂቃን ዛሬም በአብዛኛው በፋብሪካ ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚቀመሙ ናቸው፤ ጥቁሩም አብዛኛውን ጊዜ ከባድ የነዳጅ ዘይትን በከፊል በማቃጠል የሚገኝ ካርቦን ነው። «የአኩሪ አተር ቀለም» የተባለው እንግዲህ ፈረሱን ለወጠ እንጂ ፈረሰኛውን አልለወጠም።

ኢትዮጵያ በዘይቱ በኩል የምትቸገር አገር አልነበረችም። የኑግ ዘይት ከ70 በመቶ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ ሊኖረው ይችላል፤ የመድረቅ ባሕርዩም ከአኩሪ አተር ዘይት ጋር ይቀራረባል። ተልባ ደግሞ ከዚያ ፈጥኖ ይደርቃል። ሁለቱም የደጋው ገበሬ የሚያውቃቸው ሰብሎች ናቸው። ይሁን እንጂ ኑግ የወጥ ዘይት ነው፤ አገሪቱም ከምትፈጀው የምግብ ዘይት ውስጥ ብዙውን ከውጭ ታስገባለች። ከድስት ቀንሶ ለማተሚያ መኪና መስጠት የአካባቢ ጥበቃ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። የሚገባው ለምግብነት የማይበቃውን፣ የቆየውንና የተበላሸውን ዘይት ለዚህ ሥራ ማዋል ይቻል እንደሆነ መመርመር ነው።

ከዘይቱ ወደ ቀለም ሰጪው ሲታለፍ ችግሩ ይከብዳል። የእፅዋት ቀለም ለዓይን ያማረ ቢሆንም ጠባዩ እንደ ኬሚካዊ አቋሙ ይለያያል። ከርከዴን ቀይ የሚያደርገው አንቶሲያኒን የተባለው ንጥረ ነገር በኮምጣጣ ነገር ውስጥ ቀይ ሲሆን፣ ኮምጣጤነቱ ሲጠፋ ወደ ወይን ጠጅና ወደ ሰማያዊነት፣ አልፎም ወደ አረንጓዴነት ይለወጣል። በዚህ ዘመን የሚመረተው የጽሕፈት ወረቀት አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ዱቄት የገባበት በመሆኑ፣ በጠርሙስ ውስጥ ደማቅ ቀይ የነበረው የከርከዴ ቀለም ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ሌላ መልክ ይይዛል። የእርድ ቢጫ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ፈጥኖ ይገረጣል። የቅጠል አረንጓዴ የሆነው ክሎሮፊል በአሲድ ውስጥ ማግኒዚየሙን ያጣና እንደ ተቀቀለ ጎመን ይጠወልጋል፤ በማግኒዚየሙ ስፍራ መዳብ ሲገባ ግን አረንጓዴነቱ ይጸናል። እጅና እግር የሚሞቅበት እንሶስላም በቆዳ ላይ ለቀናት እንደሚቆየው ሁሉ በወረቀት ላይ ለዓመታት ይቆያል ብሎ መገመት አይቻልም፤ መለካት አለበት።

የመገርጣቱ ምክንያት ከቀለምነቱ አይለይም። አንድ ነገር ቀለም ያለው ሆኖ የሚታየው ከብርሃን ከፊሉን ስለሚውጥ ነው። የተዋጠው ጉልበት ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። ሞለኪዩሉ ጉልበቱን ፈጥኖ ወደ ሙቀት ለውጦ መልቀቅ ከቻለ ይተርፋል፤ ካልቻለ ግን ከኦክሲጂን ጋር ተዋሕዶ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ቀለሙ አብሮ ይጠፋል። የጨርቅና የወረቀት ሙያተኞች ለብርሃን የመጽናትን ኃይል የሚለኩት ከ1 እስከ 8 በሚደርስ የሰማያዊ ሱፍ መለኪያ ሲሆን፣ እርድ ከመሰላሉ ግርጌ ይገኛል።

የሰው ሠራሽ ቀለማት ታሪክም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊሊያም ፐርኪን ለንደን ውስጥ ኪኒን ለመቀመም ሲሞክር ወይን ጠጅ ቀለም አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1868 ግሬበና ሊበርማን የተባሉት ጀርመናውያን ቀደም ሲል ከሥር ይወጣ የነበረውን አሊዛሪን የተባለ ቀይ በቤተ ሙከራ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1897 ባስፍ የተባለው ኩባንያ ኢንዲጎን በፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ፋብሪካው እፅዋቱን ያሸነፈው በዋጋ ብቻ አልነበረም፤ የዛሬው ምርት ከትናንቱ ጋር አንድ በመሆኑም ነበር። የእፅዋት ቀለም ግን እንደ አፈሩ፣ እንደ ዝናቡና እንደ አዝመራው ወቅት ይለያያል። ወደ እፅዋት እንመለስ የሚል ሁሉ በመጀመሪያ ይህንን ፈተና መመለስ ይኖርበታል።

ተስፋ የሚሰጡ ምሳሌዎች የሉም ማለት ግን አይደለም። ኢንዲጎ ራሱ ከቅጠል የሚገኝ ቀለም ነው፤ በውሃ አይሟሟም፤ የዋጠውን ብርሃን በቅጽበት ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ከብዙዎቹ የእፅዋት ቀለማት ይልቅ ይጸናል። የመካከለኛው አሜሪካ ማያዎች ይህንኑ ኢንዲጎ ፓሊጎርስካይት ከሚባል ሸክላ ጋር አሙቀው አዋሐዱት። በሜክሲኮ በቦናምፓክ በ8ኛው መቶ ዓመት የተሣሉት የግድግዳ ሥዕሎች ሰማያዊነት እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ኃይለኛ አሲድ እንኳ አይደፍረውም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የእፅዋት ቀለም ብቻውን ሲቆም ደካማ ነው፤ ማዕድን ሲያስጠጋው ግን ይበረታል። ሸብ ወይም አሉም በሚባለው ጨው አማካይነት የሚሟሟውን የእፅዋት ቀለም ወደማይሟሟ ዱቄት መለወጥም በዚሁ መንገድ የሚሠራ የቆየ ጥበብ ነው። ይሁንና በሸብ ፈንታ የክሮሚየም ጨው የተጠቀመ ሰው ከወንዝ ላይ ያነሣውን መርዝ መልሶ ወንዝ ውስጥ ይጨምራል።

የቢሮው ፕሪንተር ደግሞ የራሱን ግዴታ ይጨምራል። የኦፍሴት ቀለም እንደ ማር የወፈረ ነው፤ ቀለም ረጪው ፕሪንተር የሚፈልገው ግን ከውሃ ብዙም ያልወፈረ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ የሚወጣበት ቀዳዳ ስፋት ከ20 እስከ 50 ማይክሮ ሜትር ያህል ሲሆን ከጠጉር ይቀጥናል። በቀዳዳው ውስጥ ያለ እንቅፋት ማለፍ የሚገባው ደቂቅ መጠኑ ከ1 ማይክሮ ሜትር በብዙ ማነስ አለበት። ማነሱ የሚያስፈልገው ለቀዳዳው ብቻ ሳይሆን ላለመዝቀጥም ነው። በስቶክስ ሕግ ሲሰላ፣ ከውሃ 1.8 ጊዜ የሚከብድና 1 ማይክሮ ሜትር የሆነ የካርቦን ደቂቅ በውሃ ውስጥ በቀን 38 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ መጠኑ ወደ 0.1 ማይክሮ ሜትር ቢቀንስ ግን የሚወርደው ከ0.4 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። የመጀመሪያው ቀለም ሰኞ ተሞልቶ ማክሰኞ በመያዣው ታች ይገኛል፤ ሁለተኛው ግን የውሃው ሞለኪዩሎች በማያቋርጥ ግፊታቸው አንሳፈው ሊያቆዩት ይችላሉ።

በሙቀት ከሚረጩት ፕሪንተሮች ውስጥ አንዲት ትንሽ ምድጃ በቅጽበት 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሳ አረፋ በመፍጠር ጠብታውን ትገፋለች። ከእፅዋት የተጨመቀ ቀለም ስኳር፣ ስታርችና ጨው ይዞ ስለሚመጣ፣ በዚህች ምድጃ ላይ እንደ ድስት ቂጥ ያርራል፤ ካላረረም በመያዣው ውስጥ ይሻግታል። ስለዚህ የቤት ውስጥ ጭማቂን ወንፊት አሳልፎ ፕሪንተር ውስጥ መሙላት ፕሪንተሩን መግደል ነው። ማጣራት፣ ስኳሩንና ጨውን ማስወገድ፣ ወፍራምነቱንና የገጽ ውጥረቱን መለካት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ውሃ፣ አልኮልና የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል፤ ወጪው በአካባቢ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት።

ሒሳቡ በምሳሌ ሊታይ ይችላል። የደረቀ እርድ ከክብደቱ 3 በመቶ ያህል ኩርኩሚን ቢኖረውና ሁሉም ሳይባክን ቢወጣ፣ ከ1 ኪሎ ግራም እርድ 30 ግራም ይገኛል። ይህም 3 በመቶ ቀለም ሰጪ ላለው ማተሚያ ቀለም የሚበቃው ለ1 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ኪሎ ቀለም አንድ ኪሎ እርድ ፈጀ ማለት ነው። የቀረው 970 ግራም ለማጣፈጫ፣ ለመኖ ወይም ለማገዶ ካልዋለ፣ ቀለሙ ራሱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሥራው ንጹሕ አይሆንም።

ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ጉዳት የለውም የሚለውን አስተሳሰብ በሚመለከት የኢትዮጵያ ሳይንስ ራሱ ምስክር አለው። እንዶድ ለዘመናት ልብስ ሲታጠብበት የኖረ የአገር ሳሙና ነው፤ የውሃን የገጽ ውጥረት የሚቀንስ ሳፖኒን ስላለው ለቀለም ረዳትነት የሚታሰብ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ እንዳስተዋሉት፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ቢልሃርዚያን ለመዋጋት የጠቀመው ይህ ኃይል ዓሣንም ይገድላል። እንግዲህ የማተሚያ ቤት እጣቢ ወደ ወንዝ ከመግባቱ በፊት የሚመረመረው ከእፅዋት ወይም ከፋብሪካ በመምጣቱ ሳይሆን በሚያደርሰው ውጤት ነው።

ከቀለማት ሁሉ ጥያቄው በተሻለ የተመለሰለት ጥቁሩ ነው። መላሾቹም የብራና ጸሐፍት ናቸው። የገዳማትና የደብር ጸሐፍት ከምጣድና ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቀው፣ ከተቆላ እህል ጋር አልመው፣ ሙጫ ጨምረው፣ ለወራት እያሹና እያቡኩ ጥቁር ቀለም ያዘጋጁ ነበር። ዛሬ በኢንዱስትሪ ቋንቋ ሲተረጎም ጥላሸቱ ቀለም ሰጪ፣ ሙጫው አያያዥና ደቂቃኑ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ከልካይ፣ የወራቱ ማሸት ደግሞ ደቂቁን ማሳነስ ነበር። ካርቦን ብርሃን አይፈራም፤ አሲድም ኖራም መልኩን አይለውጡትም። በአንጻሩ አውሮፓውያን ከወርካ ዘመድ ሳይሆን ከባሉጥ ዛፍ እብጠትና ከብረት ጨው የሠሩት ቀለም፣ እርሱም በከፊል የእፅዋት ቀለም መሆኑ ነው፣ ወረቀቱን እየበላ ብዙ መዛግብትን ጎድቷል፤ የሙዚቃ ደራሲው የዮሐን ሰባስትያን ባኽ የእጅ ጽሑፎች ከተጎዱት መካከል ናቸው።

ጥቁር ቀለምን ከእፅዋት ቅሪት መሥራት በዚህ ዘመንም ተሞክሯል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት አንድ ኩባንያ ቀለሙ ከተጨመቀ በኋላ የቀረውን የውሃ አልጌ አክስሎ ጥቁር ፒግመንት ያመርታል። በኢትዮጵያ የቡና ገለፈት በማበጠሪያው አጠገብ ይከመራል፤ የሰሊጥ አገዳ በማሳ ላይ ይቃጠላል። እነዚህ አየር በተከለከለበት ምድጃ ቢከስሉና በኳስ ወፍጮ ቢፈጩ፣ ለኦፍሴት፣ ለማኅተምና ለስቴንስል የሚሆን ጥቁር ሊገኝባቸው ይችላል። ሁለት ነገር ግን መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛ፣ በደንብ ያልከሰለ ጥላሸት ለካንሰር የሚዳርጉ ቅባታማ ውሑዶች ስለሚይዝ የሙቀቱ መጠን መቆጣጠሪያ ሊኖረው ግድ ነው። ሁለተኛ፣ በገለፈቱ ውስጥ ያለው አመድ ወፍጮውንና ሮለሩን ስለሚሞርድ መታጠብ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ ቀለሙ የሚመረጠው በኅትመቱ ዕድሜ ነው የሚል ነው። የዳቦ መጠቅለያ፣ የገበያ ማስታወቂያና የሠርግ ጥሪ ዕድሜያቸው የቀናት ወይም የወራት ስለሆነ የእርድ ቢጫና የሱፍ አበባ ቀይ በሸብ ተደግፈው ሊያገለግሏቸው ይችላሉ፤ እንዲያውም ፈጥነው መጥፋታቸው ጥቅም ይሆናል። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ መፈተሽን የሚቋቋም ጥቁር ይፈልጋል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔና የመሬት ይዞታ ደብተር ግን የትውልድ ዕድሜ አላቸው። በእነዚህ ላይ ከካርቦን በቀር ሌላ የእፅዋት ቀለም መጠቀም የማይታሰብ ነው። ደብተሩ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም በመስኮት አጠገብ ተቀምጦ ጽሑፉ የጠፋበት ገበሬ፣ ቀለሙ ለአካባቢ ተስማሚ እንደነበር ቢነገረው አይጽናናም። የጠፋው ቀለም ብቻ አይደለም፤ ማስረጃው ነው።

የሥራውም ቅደም ተከተል በዚሁ መሠረት ሊሆን ይገባል። በመጀመሪያ ጥቁሩን፣ ያውም ሰፊ ቀዳዳና ወፍራም ቀለም ለሚቀበሉት ማተሚያዎች፤ ቀጥሎ ለማሸጊያ የሚሆኑትን በማዕድን የተደገፉ ቀለማት፤ በመጨረሻ፣ ማጣሪያውና መለኪያው ሲሟላ፣ የቢሮውን ፕሪንተር። ለመጀመሪያው ምርመራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የታተመውን ወረቀት ግማሹን በጥቁር ካርቶን ሸፍኖ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ማዋል፣ በየሳምንቱ የተሸፈነውን ካልተሸፈነው ጋር ማነጻጸር፣ አንዱን ጥግ በሎሚ፣ ሌላውን በሳሙና ውሃ፣ ሦስተኛውን በእርጥብ ጣት መፈተሽ፣ ውጤቱንም ከነቀኑ መመዝገብ ብዙ ነገር ይገልጣል። ይህን ፈተና ያላለፈ ቀለም ወደ ቤተ ሙከራ መሄድ አያስፈልገውም፤ ያለፈው ግን መሄድ አለበት።

በብራና ላይ የሚጽፈው ሰው ቀለሙን ሲያሽ የሚያስበው ከእርሱ በኋላ የሚያነበውን ሰው ነበር። ለአካባቢ መጠንቀቅም በመሠረቱ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው ማሰብ ነው። ወንዙን ንጹሕ አድርጎ ማቆየትና ጽሑፉን ሳይጠፋ ማስተላለፍ ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች መስለው ቢታዩም ባለቤታቸው አንድ ነው። የማኅበሩ አባላት ለዚህ ሥራ የሚያበረክቱት የተለየ ዕውቀት፣ አንዱን ለሌላው ሳይሠዉ ሁለቱንም በልኬት ማስታረቅ ይሆናል።